«ክልስ» ስድብ ነው?

ጥያቄ፦ «አያቴ ጎንደር የተወለዱት በ1932 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናታቸው የእዚሁ አገር ሴት ነበሩ። የሚጠሩት በእናታቸው አባት ስም ነው። ሰፈሩ ግን ‹ክልሱ ሽማግሌ› ይላቸዋል። ልጄ ‹ይህ ስድብ ነው፤ ቅይጥ ዘር ይባል› ትላለች። ማን ነው ትክክል?» (ከጎንደር፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እስቲ መጀመሪያ ወጥ ቤት እንግባ። ወጥ ሊወጣ ሲል ጣል የሚደረገው፣ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ያለበት ቅመም ስሙ መከለሻ ነው። የወፈረ ጠላም በውሃ ይከለሳል፤ ረቂቅ ጽሑፍም እንዲሁ። ከለሰ ማለት በነበረው ላይ ጨምሮ ማስተካከል ነው፤ በሥሩ ስድብ የለበትም። ስድቡ «ዲቃላ» ነው። እሱም ቢሆን የሚያነሳው ጋብቻን እንጂ የቆዳ ቀለምን አይደለም፤ ከትዳር ውጭ ከተወለደ የንጉሥ ልጅም ዲቃላ ይባል ነበር።

የልጅዎ ቅሬታ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የፋሺስት ጣሊያን መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ፣ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር ነበር። በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። አያትዎ የተወለዱበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ሕጉ ልጁን ከነጭ ለይቶ «ተወላጅ» አለው፤ ሰፈሩ በበኩሉ በመልኩ ለየው። እኛ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንለው በአንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ ነው፤ በዚያ ሕግ ግን ቀለም አባት የሚያሳጣ ነበር።

«ቅይጥ ዘር» የሚለውን አልወደውም። ሳይቀየጡ በፊት ሁለት ንጹሕ ዘሮች ነበሩ ብሎ ይነሣል፤ ያ ደግሞ የሕግ አውጪዎቹ እምነት ነው። ቅይጥ ለእህልና ለኢኮኖሚ ይብቃው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ከቃሉ መጨረሻ ባለችው «ኡ» ላይ። «አባታቸው ጣሊያን ነበሩ፤ ክልስ ናቸው» መረጃ ነው። «ክልሱ» ሲባል ግን እንደ «አንካሳው» ሁሉ አንዱ ነገር ስምን ውጦ ይቀመጣል፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖሩበት ስም እያላቸው። ልጅዎ ከዚያች «ኡ» ጋር ብትሟገት ከእርሷ ጋር ነኝ።