ዋስ የሌለው ቃል

ይድረስ ምርጫ ሲቃረብ ለምትደውሉልኝ ልጆቼ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። እንደምታውቁት፣ እዚህ ኦሪገን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ከአሮጌ መዝገብና ማህደር ጋር ስታገል ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። በየአራት ዓመቱ «ጋሼ፣ ለፕሬዚዳንትነት ማንን ብንመርጥ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። ወደ ሳሌም፣ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ስለምትልኩት ሰው ግን አንዳችሁም ጠይቃችሁኝ አታውቁም። የኪራይ ሕጋችሁንና የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት በጀት የሚወስኑት እዚያ የተቀመጡት ናቸው። እንግዲህ ሳትጠይቁኝ ልናገር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አያቴ ስለ ድሮ ሙግት ሲያወሩ፣ ተሟጋች ነገሩን ከመጀመሩ በፊት «ዋስ ጥራ!» ይባል እንደነበር ይነግሩን ነበር። ምንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን ቃሉ ብቻውን አይበቃም። የኦሪገንን የ1900ዎቹ ምርጫ ወረቀቶች ሳገላብጥ ትዝ የሚለኝ ይኸው የአያቴ ነገር ነው።

በዚያ ዘመን ግዛቱን ወክለው ዋሽንግተን፣ በፌዴራሉ ምክር ቤት የሚቀመጡትን ሴናተሮች የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም፤ የየግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ለሰፈራችሁ ተወካይ የምትሰጡት ድምፅ ሴናተር አዝሎ ይገባል ማለት ነው። ታዲያ ተወካዩ ሳሌም ሲደርስ ማንን እንደሚያወርድ እሱና ወዳጆቹ ነበሩ የሚያውቁት። በጥር 1897 ጆን ሚቼል ሴናተርነቱን ለማደስ ሲፈልግ የሆነው ይገርማችኋል። ስልሳ አባላት ያሉት የታችኛው ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ተቃዋሚዎቹ አደሙ። ሥራውን እንኳ በወጉ ሳይጀምር ጊዜው አለቀ። ሕግ አልወጣ፣ በጀት አልጸደቀ፣ ሴናተር አልተመረጠ።

ካደሙት አንዱ ዊልያም ዩሬን ነበር፤ ቀድሞ ብረት ቀጥቃጭ፣ ኋላ የሕግ ሰው። ሕዝብ ራሱ ሕግ አርቅቆ፣ ፊርማ አሰባስቦ ለድምፅ የሚያቀርብበትን መንገድ ለመክፈት ነበር የሚደክመው። ሚቼል እደግፍሃለሁ ብሎ ቃሉን አጠፈብኝ ባይ ነበር። ከአድማው መሪዎች ሌላው ጆናታን ቦርን ሀብታምና ተንኮለኛ ፖለቲከኛ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ይመለሳል። ዩሬንን ጻድቅ አድርጌ እንዳልስልላችሁ ነው ይህን ማንሳቴ። ዓላማው የጸዳ ቢሆንም መንገዱ ጭቃ ነበረበት፤ እኔም በመዝገቦቹ ውስጥ ጭቃ ያልነካው ሰው ብዙ አላየሁም።

በ1902 ሕዝቡ የዩሬንን ሐሳብ 62 ሺህ ያህል ድምፅ ሰጥቶ ሲያጸድቀው የተቃወመው 6 ሺህ አይሞላም። በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ተሞከረ። መራጩ ማን ሴናተር ቢሆን እንደሚመርጥ በድምፅ ይናገር ተባለና አገረ ገዥው ቴዎዶር ጊር አሸነፈ። በ1903 ምክር ቤቱ ተሰበሰበ፤ የመረጠው ግን ቻርልስ ፉልተንን ነበር! ሕጉ ሕዝቡን ጠየቀው እንጂ ተወካዩን አላሰረውም ነበርና የከሰሰ ቢኖር እንኳ የሚይዘው ማስረጃ አልነበረውም። ሕዝቡ ተናገረ፣ ዋስ ግን አልጠራም።

አሁን ወደምወደው ወረቀት መጣሁ። በ1904 ሕዝቡ ራሱ ባቀረበው ሕግ የፓርቲ እጩዎች በጓዳ ሳይሆን በመራጭ ድምፅ እንዲለዩ ተወሰነ። በሕጉ ውስጥ ለምክር ቤት እጩዎች ሁለት መግለጫዎች ተጻፉ። ቁጥር 1ን የሚፈርም እጩ፣ የግሌ ምርጫ ማንም ይሁን ማን፣ ለሴናተርነት ከሕዝቡ ብዙ ድምፅ ላገኘው ሰው ድምፄን እሰጣለሁ ብሎ ይገባል። ቁጥር 2ን የሚፈርም ደግሞ የሕዝቡን ድምፅ እንደ አስተያየት ብቻ እንደሚያየውና በቂ ምክንያት ካገኘ ጨርሶ እንደሚተወው ያስታውቃል። አንዱን መፈረም ወይም ሁለቱንም አለመፈረም መብቱ ነው፣ የሚያስገድደው የለም። የዩሬንና የጓደኞቹ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 2ን ፈርሞ የመራጭ ፊት ማየት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት! እጩው አንዱንም ሳይፈርም ሲቀር ደግሞ ዝምታው ራሱ ወረቀት ላይ ይታያል።

በ1906 ብዙ እጩዎች ቁጥር 1ን ፈረሙ፤ በ1907 ምክር ቤቱ ያለ ብዙ ጣጣ የሕዝቡን ምርጫ ሴናተር አደረገ። ማን መሰላችሁ? ያ ጆናታን ቦርን! አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ምክር ቤቱን ካሽመደመዱት አንዱ፣ በአዲሱ በር ቀድመው ከገቡት መካከል ሆነ። ስቃችሁ ከሆነ እኔም ስቄያለሁ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በሰኔ 1908 ነው። የሕዝቡን ድምፅ በጠባብ ልዩነት ያሸነፈው አገረ ገዥው ጆርጅ ቻምበርሌይን ነበር፣ ዴሞክራት። ለምክር ቤቱ የተመረጡት ግን አብዛኞቹ ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ቁጥር 1ን የፈረሙ። ፈርመው ሲገቡ የራሳቸው ፓርቲ ሰው እንደሚያሸንፍ አስበው የነበሩ ይኖራሉ። ጥር 1909 ላይ ሳሌም ውስጥ ፊርማችሁን ተዉት የሚል ግፊት በረታባቸው። እነሱ ግን የተቃዋሚያቸውን ሰው ሴናተር አድርገው መረጡ።

በ1913 የሕገ መንግሥቱ 17ኛ ማሻሻያ ሲጸድቅ በመላ አሜሪካ ሴናተር በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጥ ሆነ። ቁጥር 1ም ሥራው አብቅቶ ወደ እኔ ሣጥን ገባ።

ይህን ሁሉ ስነግራችሁ ዘመኑን እንድትናፍቁ አይደለም። ሴቶች ኦሪገን ውስጥ መምረጥ የቻሉት በ1912 ነው፤ በ1906፣ በ1908 እና በ1910 ወንዶቹ በድምፃቸው ከልክለዋቸዋል። ለእናንተና ለእኔ ደግሞ የባሰው አለ። በ1857 የተጻፈው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ጥቁር ሰው መጥቶ እዚህ እንዳይኖር ይከለክል ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የመጡት የፌዴራል ማሻሻያዎች ቢሽሩትም ጽሑፉ ከገጹ ላይ የተፋቀው በ1926 ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ለኦሪገን ምክር ቤት የተመረጠው በ1972 ነው። ስለዚህ ያንን ፊርማ ከእጩዎቹ እጅ የተቀበሉት ሰዎች እኛን አያስቡም ነበር። መሣሪያው ግን ማንም ቢያነሳው ይሠራል።

አሁን የራሴን ስህተት ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የግዛት ምክር ቤት እጩ ቤቴ መጣ። ባለቤቴ ቡና አፈላች፤ እንጀራውን በእጁ እየጎረሰ «ማኅበረሰባችሁን አልረሳም» አለ። እኔም እንደ አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ ሆኜ ለሰዉ ሁሉ ስልክ ደወልኩለት። ከተመረጠ በኋላ የታክሲ ነጂዎቻችንን የሚጎዳ ሕግ ሲቀርብ ደገፈ። ደውዬ ስጠይቀው «እንዲህ ያለ ቃል መግባቴ ትዝ አይለኝም» አለኝ። እውነቱንም ነበር! አልረሳችሁም ከማለት በቀር ምን ብሎ ነበርና? ያን ሁሉ ዓመት የሌሎችን ፊርማ በመደርደሪያ ሳስቀምጥ፣ ከራሴ ሳሎን አንድ መስመር ወረቀት አላስወጣሁም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ፤ አሥር አይደለም። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» የሚሆን ጥያቄ ይሁን፤ የሕጉ ስም ካለው ስሙን ጨምሩ። በመጨረሻው ምርጫ አትጠብቁ፤ ፓርቲው እጩውን በሚለይበት በፕራይመሪው ጊዜ ጠይቁ፤ ያኔ ከእናንተ ሰፈር ሁለት መቶ ድምፅ ትልቅ ነገር ነው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ቀን ጻፉበት፣ በማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ አንብቡት። «ቃሌ አይበቃም ወይ?» ብሎ የሚቆጣ ቢኖር ቡናውን ጨምሩለትና ወረቀቱን እንደገና አቅርቡለት። ሕሊናዬን ለማንም አላስርም የሚል ሰው ደግሞ ያጋጥማችኋል። ይህ ክርክር በ1904ም ነበር፤ ከባድ ክርክር ነው፣ አትናቁት። እሱንም ግን ይጻፈው፤ ቁጥር 2 ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ባለፈው ፀደይ በሬን አንኳኩቶ ለነበረ አንድ ወጣት እጩ ያችን ጥያቄ ደብተር ላይ ጽፌ አሳየሁት። አንብቦ ፈገግ አለና «በኢሜይል እመልስልዎታለሁ» አለኝ። የምርጫው ወረቀት በፖስታ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ኢሜይሉ አልመጣም። የሱ ስም ያለበትን መስመር ባዶ ትቼ ፖስታውን አሸግኩት።