ከጤና ጣቢያ ወደ አምቡላንስ ለመዛወር ላሰበችው እህታችን የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ በቡድናችን ያቀረብሽውን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት እንደምታገለግዪና ወደ ድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻንነት ለመዛወር እንዳሰብሽ፣ ቤተሰቦችሽ ግን «ተምረሽ ተምረሽ የሾፌር ረዳት ልትሆኚ ነው ወይ?» እያሉ ልብሽን እንደከፈሉት ገልጸሽ፣ ሥራው በእርግጥ ራሱን የቻለ ሙያ መሆን አለመሆኑንና የሥልጠናው የመጀመሪያ ወራት ምን እንደሚመስሉ ጠይቀሻል። እኔም ከነርስነት ተነሥቼ በሐረርና በድሬዳዋ በአምቡላንስ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራሁና ዛሬም ጀማሪዎችን በተግባር ልምምድ የማግዝ በመሆኔ፣ የማውቀውን ልጽፍልሽ ወድጃለሁ።

የቤተሰቦችሽ ሥጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። በአገራችን አምቡላንሱ የመጣው በውስጡ ሆኖ ከሚያክመው ባለሙያ በብዙ ዓመታት ቀድሞ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጦርነቱም ወቅት ከውጭ የመጡ የሕክምና ጓዶች በየግንባሩ ተሰማርተው ነበር፤ የስዊድኑ ጓድ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደብድቧል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ግን አምቡላንሱ በአብዛኛው ቁስለኛንና ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ማጓጓዣ ብቻ ሆኖ ቆየ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላም መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንሶችን ሲያከፋፍል ዋነኛው ዓላማ በወሊድ ምክንያት የሚደርሰውን የእናቶች ሞት መቀነስ ነበር። ነገር ግን ከኋላ ከታማሚዋ ጋር የሚቀመጠው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀር ስለነበር፣ በመንገድ ላይ ደም ሲፈስሳት አብራት የነበረችው አማቷ ወይም ጎረቤቷ ሆና የተገኘችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ መኖሪያ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን በአዲስ አበባ የመሠረቱት፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው በ2000ና በ2003 ዓ.ም. መካከል መሆኑን ስታዪ፣ ሙያው በእኛ ዘንድ ምን ያህል ወጣት እንደሆነ ትረጃለሽ። ቤተሰቦችሽ አምቡላንስ ሲባሉ መኪናው እንጂ ባለሙያው ባይታያቸው አልፈርድባቸውም።

የሌሎቹም አጀማመር ከዚህ የተሻለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ያወጣው ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን ይሰጡ የነበሩት የቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ፤ ሰው አስተኝቶ ለመጫን የሚበቃ ረጅም መኪና የነበራቸው እነርሱ ናቸውና። (ታማሚው መንገድ ላይ ቢሞት መኪና መለወጥም አያስፈልግም ነበር።) በፒትስበርግ ከተማ ደግሞ በሽተኛን የሚያነሣው ፖሊስ ሲሆን፣ ፖሊሱም ታማሚውን ከኋላ አስተኝቶ ራሱ ከፊት እየተቀመጠ ይነዳ ነበር። ከአፍ ወደ አፍ ትንፋሽ የመስጠትን ዘዴ በምርምር ካረጋገጡት ሐኪሞች አንዱ የሆኑትና የ11 ዓመት ሴት ልጃቸውን በ1966 በአስም ያጡት ዶክተር ፒተር ሳፋር፣ በ1967 ሂል ዲስትሪክት ከተባለው የጥቁሮች ሰፈር ሥራ አጥ ወጣቶችን መልምለው 300 ሰዓት ያህል አሠለጠኗቸው። ከእነዚህ መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ነበሩ። ሆኖም የሰውነትን አሠራር ተምረው፣ በሆስፒታል ክፍሎች ልምምድ ወስደው፣ ፍሪደም ሃውስ በተባለው አገልግሎት መንገድ ላይ ትንፋሽ የሚከፍቱና ደም የሚያቆሙ ባለሙያዎች ለመሆን በቁ። በ1974 ዶክተር ናንሲ ካሮላይን በሕክምና ኃላፊነት ተረክበው ሥልጠናውን ይበልጥ አጠበቁት፤ ለአገሪቱ የፓራሜዲክ (በአምቡላንስ ላይ የሚያክም ከፍተኛ ባለሙያ) ሥርዓተ ትምህርትም መሠረት የሆነው ይኸው ሥራ ነው። ከተማዋ ግን በ1975 የራሷን አገልግሎት አቋቁማ ፍሪደም ሃውስን ዘጋችው፤ ከጀማሪዎቹም ብዙዎቹ በአዲሱ ድርጅት ውስጥ ቦታ አላገኙም። ይህን ያህል ያረዘምሁት በምክንያት ነው፤ ከተማው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው፣ ልዩነቱን የፈጠረው ከኋላ የተቀመጠው ሰው የተማረው ትምህርት ነው። በዚያው ዘመን በቤልፋስት ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ በመኪና ባትሪ የሚሠራና 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የልብ ማስነሻ መሣሪያ በአምቡላንስ ጭነው በ1966 ወደ ታማሚው ቤት መሄዳቸውም ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልግባ። ነርስ መሆንሽ ይጠቅምሻል፤ መድኃኒት፣ ደም ሥር፣ ግፊት መለካት አዲስ አይሆኑብሽም። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሌሎቹ ይልቅ የሚቸገሩት ነርሶች መሆናቸውን ደጋግሜ ታዝቤአለሁ። በጤና ጣቢያ ታማሚው ወደ አንቺ ይመጣል፤ ካርድ ወጥቶለታል፣ አልጋ አለ፣ መብራት አለ፣ ሐኪም ያዘዘውም ተጽፏል። በመንገድ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ለዚህ ነው አሠልጣኞች ገና ከጅምሩ ወደ ታማሚው ከመሮጥ የሚያግዱሽ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የተገለበጠ አይሱዙ አስቢ፤ ነዳጅ ይፈስሳል፣ ጭነቱ ገና አልረጋም፣ ከላይ የሚወርደው መኪና ኩርባውን እስኪዞር ድረስ አያይሽም። ሾፌሩ አምቡላንሱን የት ያቁም፣ ምልክቱ ምን ያህል ርቆ ይቀመጥ፣ ስንት ሰው ተጎድቷል፣ ሌላ አምቡላንስ ያስፈልጋል ወይ የሚሉትን ሳትመልሺ ቁስል ላይ እጅሽን ብታሳርፊ ፈተናውን ትወድቂያለሽ፤ መውደቅም አለብሽ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ሕዝቡ ነው። የእኛ ሰው ደግ ነውና አንቺ ከመድረስሽ በፊት ተጎጂውን በእጅና በእግሩ ይዞ ከመኪናው ጎትቶታል፣ ውኃ አጠጥቶታል፣ ምናልባትም ባጃጅ ላይ ጭኖታል። የሕዝቡን ደግነት በቁጣ ልመልስ የሚል ጀማሪ ሥራው ይበላሽበታል። ልምድ ያላቸው የሚያደርጉት ለእያንዳንዱ ሥራ መስጠት ነው፤ አንዱን ጎልማሳ «ወንድሜ፣ ራሱን እንዲህ አድርገህ ሳታንቀሳቅስ ያዝልኝ» ይሉታል፣ ሌላውን መንገድ ያስከፍቱታል፣ በጣም የሚጮኸውን ደግሞ ስልክ ያስደውሉታል። ነጠላ ወይም ቀበቶ አስሮ ደም ለማቆም የሞከረ ካለ አመስግኝው፤ ማሰሪያው ደሙን በእርግጥ ካላቆመ ግን በላዩ ላይ እየደጋገምሽ ከማላላት ይልቅ ትክክለኛውን ቱርኒኬት (የደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ከቁስሉ በላይ አጥብቀሽ አስረሽ ሰዓቱን ጻፊ።

ሕዝቡ ሁልጊዜ የሚጮኸው አንድ ነገር ነው፦ «ውሰዱት! ምን ትጠብቃላችሁ?» ለእኔ የሙያው ዋና ዳኝነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ልቡ ለቆመ ሰው ሕክምናው ያለው እዚያው ወድቆ በተገኘበት ቦታ ነው፤ ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ፣ ያለማቋረጥ መጫን አለበት፤ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ ደግሞ ይህን በአግባቡ ማድረግ የሚችል ሰው አላየሁም። በሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰው ላለ ተጎጂ ግን የሚያስፈልገው የቀዶ ሕክምና ክፍል ስለሆነ፣ በቦታው የምታባክኚው እያንዳንዱ ደቂቃ ከእርሱ የሚቀነስ ነው፤ ደም ሥር መፈለግ እንኳ በጉዞ ላይ ይደረግ። የሾፌር ረዳት ይህን ልዩነት አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። የመጀመሪያዎቹ ወራት አብዛኛው ድካም ይህን ዳኝነት በጩኸት መካከል ለመስጠት የሚያስችል ሥርዓት በአእምሮሽ ውስጥ መትከል ነው፦ ገዳይ የደም መፍሰስ፣ የአየር መተላለፊያ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፣ ንቃተ ሕሊና፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ እስኪሰለችሽ ድረስ።

የእኛ አካባቢ የራሱ የሆነ ትምህርትም አለው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሪፈር የተባለ ታማሚ ይዘሽ ስትወጪ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥተሽ ሐሮማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትደርሺያለሽ፤ መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በጭነት መኪናና በአወዳይ ገበያ ምክንያት ከአንድ ሰዓት ማለፉም የተለመደ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑ ስንት ደቂቃ እንደሚበቃ ከመነሣትሽ በፊት አስዪው። «ኢ» የሚባለው ሲሊንደር የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 2,000 ፒኤስአይ ሲያሳይ፣ 200ውን ለመጠባበቂያ ቀንሰሽ ቀሪውን የዚህ ሲሊንደር ቋሚ ቁጥር በሆነው በ0.28 ታባዢና በደቂቃ በምትሰጪው ሊትር ታካፍዪዋለሽ፤ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታማሚ ውጤቱ 50 ደቂቃ ነው። ይህ ማለት አንድ ሲሊንደር ብቻ ይዞ የተነሣ ቡድን አወዳይ ሳይደርስ ወይም እዚያው ገበያው ውስጥ ሊያልቅበት ይችላል ማለት ነው። ኩርባዎቹም ያስታውካሉ፤ ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ተኝቶ ካስታወከ ትውከቱን ወደ ሳንባው ይስበዋልና፣ የትውከት መሳቢያ መሣሪያው በእጅሽ አጠገብ ሆኖ፣ የአከርካሪ ጉዳት ካልተጠረጠረ በጎኑ አስተኝተሽው ሂጂ።

በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። አምቡላንሱ ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ በጠባቡና ሽቅብ ቁልቁል በሚለው መተላለፊያ ቃሬዛውን በእጅ መሸከም ነው። ታማሚው በቤቱ ውስጥ ከፍ ባለው ነደባ (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ የተኛ ከሆነ፣ ከዚያ ላይ ማውረዱ ራሱ ልምምድ ይጠይቃል። ቁልቁለት ላይ እግሩ፣ ዳገት ላይ ራሱ ይቅደም የሚለውን ሕግ ክፍል ውስጥ በአንድ ደቂቃ ትሰሚዋለሽ፤ ወገብሽን ሳትጎጂ መፈጸሙ ግን ወራት ይወስዳል። ሴት ስለሆንሽ አትችዪም የሚልሽ ካለ አትስሚው፤ ማንሣት በዘዴና በቡድን እንጂ በጡንቻ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ምጥ ይዟት መንገድ ላይ የምትወልድ እናት ሴት ባለሙያ ስታይ የሚሰማትን እፎይታ ለመናገር ይከብዳል፤ ከወሊድ በኋላ ማሕፀን ማሸትን፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ መስጠትንና ሕፃኑን ማድረቅና ማሞቅን ከወዲሁ አጥብቀሽ ያዢ።

ስለ ብዙ ተጎጂዎች የሚሰጠውን ትምህርትም የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንሽ በቁም ነገር እንደምትወስጂው አልጠራጠርም፤ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈበትን ጊዜ ቤተሰቦችሽ ያስታውሱታል። ተጎጂዎችን እንደ ጉዳታቸው ክብደት በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በጥቁር መለየት በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ የሚጮኸውን አልፎ ዝም ወዳለው መሄድ ግን ከብዙ ልምምድ በኋላ የሚመጣ ነው።

ክፍያን በተመለከተ ከነርስነትሽ እጅግ የተሻለ ነገር አትጠብቂ፤ የሌሊት ተራው ይበዛል፣ የዕድገት መሰላሉም ገና በደንብ አልተዘረጋም። ክብርም ቢሆን ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ታማሚ ስታስረክቢ ቀና ብሎ ሳያይሽ «እዚያ አስቀምጡት» የሚልሽ የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ያጋጥምሻል፤ እንዴት እንደተጎዳ፣ ምን እንደተጎዳ፣ የትንፋሹንና የግፊቱን ልክ፣ ምን እንዳደረግሽለት በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር ስትነግሪው ግን ብዕሩን ማውጣቱ አይቀርም።

ለሥልጠናው ከመክፈልሽ በፊት ተቋሙ ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ ስትጨርሺም ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና የሚያስቀምጥሽ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቂ። ከሁሉ በላይ የተግባር ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታልና በየትኛው አምቡላንስ ላይ፣ ለስንት ሰዓት፣ በማን ቁጥጥር እንደሚሰጥ አጣሪ፤ ይህን በግልጽ የማይመልስልሽ ቦታ ቢረክስም አትመዝገቢ። ኦሮምኛ ትችዪ እንደሆነ በጥያቄሽ ላይ አልገለጽሽም፤ ኦሮምኛውን ካላወቅሽ ከአሁኑ ጀምሪ፣ ሶማልኛም «የት ያምሃል? መቼ ጀመረህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ለማለት የሚበቃሽን ያህል ተማሪ፤ በድሬዳዋ ሌሊት አስተርጓሚ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።