ናዳው የወረደባቸው ከእኛ ይልቅ በደለኞች ናቸው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ከበላያችን ያለው አፋፍ ተናደና የጎረቤታችንን ቤት ይዞት ወረደ። እናትየዋ አረፉ። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው «እግዚአብሔር የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ ለምን እነሱ ላይ ብቻ?» ሲል ልጃቸው ሰማች። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ለልጃቸውም መጽናናትን ይስጥልን። እውነት አይደለም። ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያት።

ይህን ጥያቄ ጌታችን ራሱ መልሶታል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች ስለሆኑ አይደለም ብሏል (ሉቃ. 13፥4)። ንስሐ ግቡ ያለው በሕይወት ያሉትን፣ የሚሰሙትን ነው። ሟቾቹን አልከሰሰም።

ኖኅስ፣ ሰዶምስ ትይኝ ይሆናል። እዚያ እግዚአብሔር አስቀድሞ ለኖኅም ለአብርሃምም ተናግሯል። ለቅሶ ላይ ለነበረው ሰው ግን ማን ነገረው? ሳይላኩ በእግዚአብሔር ስም መናገር ቀላል ነገር አይደለም። ኢዮብ ልጆቹ የነበሩበት ቤት በነፋስ ወድቆ ሲያልቁበት ወዳጆቹ «በድለህ ነው» አሉት፤ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ጎፋ ላይ የሆነውን ታስታውሻለሽ። መጀመሪያ በወረደው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች፣ ገና እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የእነዚያ ጎረቤቶች ኃጢአት ምን ነበር? ሰው ለማዳን መሮጣቸው? እኔ እነሱን ሳስብ «ቁጣ ነው» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ተዳፋት ከተማ ናት። የክረምቱ ውሃ ሲሰርግበት አፈሩ ይከብዳል፣ ይላላል። ለቤት መሥሪያ ከሥሩ ሲቆረጥ፣ ቦዩ በቆሻሻ ሲደፈን፣ ዛፉ ሲመነጠር ደግሞ ይብሳል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራቆሬን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ስለሆንን የመጣ ነው። ይህን ማወቅ እምነት ማጉደል አይደለም፤ ለምድር ጠባይዋን የሰጣት እሱ ነው።

ታዲያ ምህላ ይቅር? በፍጹም! እግዚኦ በሉ፣ አልቅሱ። ብቻ ምህላው ጥፋተኛ መፈለጊያ አይሁን። በእኛ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርቶ ነው የሚኖረው፤ «በእነ እገሌ ኃጢአት» የተባለ ቀን ጣት የሚቀሰረው ወደ ጎረቤት ነው።

እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው፤ የእናትየዋን አርባ ቀን ጻፊልኝ፣ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን ከአፋፉ ሥር ያሉት ቤተሰቦች ዝናብ ሲጠነክር ዘመድ ቤት ይደሩ። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ወይም ደህና ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።