ገበያው 93 ስላለ አሸንፏል ማለት ነው ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በምትኖርበት ዲስትሪክት ለኮንግረስ ከሚወዳደሩት አንዱ በትንበያ ገበያው 93 ሳንቲም ገብቷል፣ «ነገሩ አልቋል ማለት ነው? ብር ላስገባ?» ብለሃል። እኔም ጥቂት ዓመት በትንሽ በትንሹ ሞካክሬዋለሁ፤ የደረሰብኝን ልንገርህ።

እዚያ የምትገዛው ኮንትራት፣ ማለትም የውርርድ ውል ነው፤ እጩው ካሸነፈ አንድ ዶላር ይከፍልሃል፣ ከተሸነፈ ባዶ። ዛሬ የሚሸጠው በ93 ሳንቲም ነው። አዲስ አበባ ቤቲንግ ቤት ኦድ የሚያወጣልህ ቤቱ ነው። እንደ ካልሺና ፖሊማርኬት ባሉት የትንበያ ገበያዎች ግን ዋጋውን የሚያወጡት ገዥና ሻጭ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመንህ በፊት ስንት ሰው እንደሚገበያይ እይ። በፕሬዚዳንት ምርጫ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይንቀሳቀሳል። አንድ ዲስትሪክት ላይ ግን ገበያው ጭር ሊል ይችላል፤ አንድ ሰው ሁለት ሺህ ዶላር ይዞ ቢገባ ዋጋውን ሽቅብ ይነዳዋል። በማግስቱ እኛ «አንድ ነገር ሰምተው ነው» እንላለን።

እኔን የበላኝ ይሄው ነው። አንድ ዲስትሪክት ላይ 50 ኮንትራት በ88 ሳንቲም ገዛሁ፣ 44 ዶላር። ከሳምንት በኋላ ፈራሁና ልሸጥ ገባሁ። ስክሪኑ አሁንም 88 ይላል። ለካ እሱ መጨረሻ የተሸጠበት ዋጋ ነው፤ ምናልባትም የራሴው ግዢ! ገዥ የተገኘው በ71 ብቻ ነው። ሸጥኩት፣ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቀልጦ ቀረ። ከብሩ በላይ ያናደደኝ እጩው በኋላ ማሸነፉ ነው።

ደግሞ በዲስትሪክት ደረጃ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ብዙም የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የምርጫ ትንበያ ድረ ገጹ ፋይቭ ሰርቲ ኤይት በዋሽንግተን ስቴት 3ኛ ዲስትሪክት ለእጩው ጆ ኬንት 98 በመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል ሰጥቶት ነበር። ያሸነፈችው ማሪ ግሉሰንካምፕ ፔሬዝ ናት። ያ ትንበያ የስሌት ሞዴል ነው፣ ገበያ አይደለም። ግን ገበያው ላይ ያለው ሰውዬስ ከዚያ ሌላ ምን ያነባል?

የምርጫው ሌሊት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የካሊፎርኒያ 13ኛ ዲስትሪክትን እይ። በ2022 ጆን ዱዋርቴ አዳም ግሬይን በ564 ድምፅ አሸነፈው። በ2024 ያው ሁለቱ ተገናኙ፣ ግሬይ በ187 ድምፅ ወሰደው። ምርጫው ኖቬምበር 5 ነበር፤ ነገሩ የለየለት ግን ዲሴምበር ከገባ በኋላ ነው። እዚያ በፖስታ የሚመጣው ድምፅ ብዙ ነው፣ ቆጠራውም ሳምንታት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሌሊት መሪውን አይቶ የሚገዛ ሰው ገና ያልተከፈተውን ፖስታ ረስቷል።

እኛ ቨርጂኒያ ያለነው ደግሞ የ2017ቱን አንረሳም። ለስቴቱ ምክር ቤት በ94ኛው ዲስትሪክት፣ ኒውፖርት ኒውስ፣ ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሳይመንድስ ከድጋሚ ቆጠራና ከፍርድ ቤት በኋላ እኩል 11,608 ድምፅ ሆነው አረፉት። ምን ተደረገ? ስማቸው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ወጣ፣ ልክ እንደ እቁብ። ለሪፐብሊካኑ ያንሲ ወጣለት። በዚያች ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ።

ወደ ሂሳቡ ስመለስ፣ በ93 ገዝተህ ስታሸንፍ 7 ሳንቲም ታገኛለህ። 13 ጊዜ ብታሸንፍ 91 ሳንቲም። አንዴ ስትሸነፍ 93 ይሄዳል። ኮሚሽኑን ገና አልቆጠርኩትም። ብርህም ገበያው እስኪዘጋ ታስሮ ይቆያል። የሚዘጋው ደግሞ ሚዲያዎች አሸናፊውን ሲያውጁ ነው ወይስ ስቴቱ ውጤቱን ሲያጸድቅ? ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።

እኔ ብሆን በ93 አልገዛም። አንተ ግን ገበያውን ክፈትና በ93 አካባቢ የተቀመጠው የመግዣና የመሸጫ ትእዛዝ ስንት ዶላር እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ። ከመቶ ዶላር ካነሰ ቁጥሩን እርሳው።