የታመመች ላም መድኃኒቱን ቶሎ አታስወጣም፦ ስለ መጠበቂያ ቀን ለተነሣው ጥያቄ

ወንድሜ፣ ሳንባዋን የታመመች ላምህ 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተወግታ፣ ብልቃጡ ላይ «ሥጋ 28 ቀን፣ ወተት 7 ቀን» የሚል መጠበቂያ ቀን፣ ማለትም ከመርፌው በኋላ ሥጋውና ወተቱ ለምግብ የማይውልበት ጊዜ፣ እንዳነበብክ ጽፈሃል። ገና ስላላገገመች፣ ቀኑ ሲሞላ ወተቷን መሸጥ ወይም ላሟን ማረድ ይቻል እንደሆነ ነው የጠየቅከው። ቀኑን ብቻ ቆጥረህ እንዳትሸጥ እለምንሃለሁ።

ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር የወጣው ጤነኛ ከብቶች በታዘዘው መጠን ተወግተው፣ በሥጋቸውና በወተታቸው የቀረው መድኃኒት ተለክቶ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን ጉበት ውስጥ ብዙም አይፈርስም፤ አብዛኛው እንዳለ በኩላሊት ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። ትኩሳት የያዛት፣ ውኃ የማትጠጣ ወይም ያስቀመጣት ላም ግን ወደ ኩላሊቷ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ ሽንቷም ያንሳል፤ መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ይቆያል። የጉበት ትል የጎዳት ከሆነች ደግሞ ጉበት የሚያፈርሳቸው ሌሎች መድኃኒቶችም ይዘገያሉ።

መጀመሪያ የተወጋችውን መጠን አጣራ። 20 በመቶው ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሲሲ ነው። ሚዛን ከሌለህ የደረቷን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለካና በራሱ አባዛው፤ ከትከሻዋ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫዋ አጥንት ባለው ርዝመት እንደገና አባዛና ለ10838 አካፍል። ዙሪያዋ 160፣ ርዝመቷ 140 ከሆነ 331 ኪሎ ገደማ ትሆናለች፤ 33 ሲሲ ማለት ነው። በአንድ ቦታ ከ10 ሲሲ በላይ ስለማይወጋ 4 ቦታ መከፈል ነበረበት። ሁሉም አንድ ቦታ ከገባ ጡንቻው ይቆስላል፣ መድኃኒቱም እዚያው ተከማችቶ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ 28ቱ ቀን ዋስትና አይሆንም። መርፌው ከተደገመ ቆጠራው ከመጨረሻው መርፌ ይጀምራል።

እኔ የምመክረው፣ ቀኑን መርፌው ከገባበት ሳይሆን ትኩሳቷ ከ39.3 ዲግሪ በታች ወርዶ እንደ ድሮዋ መብላትና መጠጣት ከጀመረችበት ዕለት እንድትቆጥር ነው። የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጠህ ስትለቀው ወዲያው ካልተመለሰ ወይም ሽንቷ ጥቂትና የጠቆረ ከሆነ ፈሳሽ አጥሯታል፤ ቆጠራው ገና አልተጀመረም። ለበሽተኛ ከብት «ይህን ያህል እጥፍ ጠብቅ» የሚባል አንድ ቁጥር የለም፤ እንደ ሕመሟ ክብደት ሐኪሟ ይወስናል።

«ከምትሞት ትታረድ» የሚለው ሐሳብ በጣም ያሳስበኛል። ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚያወጣው ኮዴክስ ለዚህ መድኃኒት ቅሪት የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ ሥጋ 200 ማይክሮግራም፣ በጉበት 600፣ በኩላሊት 1200 ነው። ጣሪያው የተለያየው መድኃኒቱ ኩላሊትና ጉበት ላይ ስለሚበዛ ነው። እኛ ደግሞ ጉበቱን በዱለት፣ ሥጋውን በጥሬው እንበላለን። ቢቀቀልም ቅሪቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ወተቱ ላይ ጣሪያው በሊትር 100 ማይክሮግራም ነው። ጡቷም ከታመመ ሌላ ጣጣ አለው። ጡት ሲቆጣ በደምና በወተት መካከል ያለው አጥር ይላላል፣ የወተቱም አሲድነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የመድኃኒቱ መግቢያና መውጫ ከጤነኛ ጡት ይለያል። በቱቦ ጡት ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት በአንዱ ጡት ብቻ ቢገባ እንኳ ከፊሉ በደም ዞሮ ሌሎቹ ጋ ስለሚደርስ የአራቱም ወተት ይደፋል። ለጥጃም አይሰጥ፤ በአንጀቱ ያሉት ጀርሞች መድኃኒቱን ይለምዱታል።

ወተቱ ሳይረጋ ከቀረ፣ በተለይ ፔኒሲሊን ተወግታ ከነበረ፣ መድኃኒት እንዳለበት ጠርጥር፤ ወተቱን የሚያረጉት የእርሾው ባክቴሪያዎች በፔኒሲሊን ይሞታሉ። ረጋ ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን ከጣሪያው አልፎም ወተቱ ሊረጋ ይችላል። የወተት ማቀነባበሪያዎች በሚጠቀሙበት፣ ባክቴሪያ ማደግ አለማደጉን አይቶ የመድኃኒት ቅሪትን በሚለይ መመርመሪያ ብታስመረምር የተሻለ ነው። ጡቷ የታመመ ላም ወተት ውስጥ ግን ሰውነቷ ራሱ የሚያመነጨው ፀረ ባክቴሪያ ስለሚበዛ፣ መድኃኒት ሳይኖር «አለ» ሊል ይችላል። ውጤቱ እንዲህ ከመጣ ናሙናው 80 ዲግሪ ላይ ለ10 ደቂቃ ተሞቆ እንዲደገም ጠይቅ፤ ተፈጥሯዊው በሙቀቱ ሲጠፋ መድኃኒቱ ይቀራል።

የደረቷን ዙሪያ፣ ስንት ሲሲ በስንት ቦታ እንደተወጋችና የዛሬ ጠዋት ትኩሳቷን ጻፍልን፤ ሌላ መርፌም ከተሰጣት ስሙን ጨምር።