ከመፈረማችሁ በፊት ጥበብን ለምኑ

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን በአብዛኛው ያሳለፍኩት በባንክ የብድር ክፍል ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ ክፍል የሰውን ኑሮ ለዓመታት የሚያስሩ ውሳኔዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲወሰኑ አይቻለሁ። የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከወጣቶች ጋር ስንጨዋወት የማይቀር ጥያቄ አለ። «የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዴት ልወቅ?» ይሉኛል። መልካም ጥያቄ ነው። ግን የሚነሳው ስለ ትልልቅ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስለ ትዳር፣ ስለ ውጭ ጉዞ፣ ስለ ዲቪ። ለእነዚህ ይጾማል፣ ሱባኤ ይገባል፣ ትንቢት ይፈለጋል። ለጓደኛ ዋስ ለመሆን ግን ቀድሞ የጸለየ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። እዚያ ላይ ይሉኝታ ይቀድማል።

አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። ለጓደኛው ዋስ ሊሆን መጣ። ጓደኛው አጠገቡ ቆሟል። ውሉን አቀረብኩለትና «አንብበው» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ አምነዋለሁ እኮ» አለኝ። ማንበቡ ራሱ ጓደኛውን መጠርጠር መስሎት ነው። ወረቀቱን መልሼ ያዝኩ። ለብቻው ወደ መስኮቱ ወሰድኩትና ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። የገንዘቡ መጠን ጋ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ቁጥሩን ደግሞ አነበበው። በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል፣ የሚያሳስት ነገር የለውም። «ነገ ልመለስ?» አለኝ። በማግስቱ ብቻውን መጣ። ከእናቱ ጋር ተማክሮ አድሯል። ለጓደኛው ከደመወዙ የሚችለውን ሊረዳው እንደሚችል፣ ዋስ ግን እንደማይሆን ነግሮታል። ጓደኛው አኩርፏል። ልጁም አዝኗል፤ ግን ውሳኔውን አልለወጠም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በግልጽ ካልተገባና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጠቀሰ አይጸናም ይላል። ሕግ አውጪዎቹ ሰው ለሚወደው ሲል ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚፈርም ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። መጽሐፈ ምሳሌም ስለዚሁ ጉዳይ ይናገራል። ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። ለባልንጀራው ዋስ የሆነውን ሰው «ልጄ» ይለዋል። ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ አምልጥ ይለዋል። የእግዚአብሔር ቃል ስለ ብድርና ስለ ዋስ እንዲህ ተጨንቆ መናገሩ ዛሬም ልቤን ይነካዋል። ፈጣሪ ስለ ነፍሳችን ብቻ ሳይሆን ስለ ደመወዛችንም ይገደዋል።

ሰሎሞንን ተመልከቱ። በገባዖን እግዚአብሔር «ምን እንድሰጥህ ትፈልጋለህ?» ሲለው ረጅም ዕድሜ አልጠየቀም፣ ሀብትም አልጠየቀም። አስተዋይ ልቡና ለመነ። ተሰጠውም። ታዲያ ጥበቡ መጀመሪያ የታየው የት ነው? በጦር ሜዳ አይደለም። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ተጣልተው ፊቱ ቆሙ። በዘመናቸው ሰው የሚንቃቸው ሴቶች ነበሩ፤ ምስክርም የላቸውም። ከሰማይ የተሰጠው ጥበብ የመጀመሪያ ሥራው የቤት ውስጥ ጠብ መፍታት ሆነ።

ስለዚህ ጥበብን ለተራው ቀናችሁ ለምኑ። ሐዋርያው ያዕቆብ ጥበብ የጎደለው እግዚአብሔርን ይለምን፣ እርሱ ሳይነቅፍ በልግስና ይሰጠዋል ይላል። ይህ ለወጣት ትልቅ እረፍት ነው። ስንቶቻችሁ አለቃችሁን ወይም አባታችሁን መጠየቅ የምትፈሩት «ይህንንም አታውቅም?» እንዳትባሉ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ይህ ሀፍረት የለም። አሥር ጊዜ ብትጠይቁት አይሰለችም።

መልሱ እንዴት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። በሕልም ሊመጣ ይችላል፤ አልክድም። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጸልያችሁ ስትነሱ ትናንት ያልታያችሁ ጥያቄ ይታያችኋል። ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ያሰበች ልጅ «ደላላው ፓስፖርቴን ለምን እሱ ጋ ያስቀምጣል? ውሉስ ለምን በማላነበው ቋንቋ ብቻ ተጻፈ?» ብላ ትጠይቃለች። ሱቅ ልትከፍቱ ከሆነ «ለሦስት ወር ሽያጭ ባይኖር ኪራዩን ከየት እከፍላለሁ?» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። ይህን ጥያቄ እምነት ማጣት ነው ብላችሁ አትግፉት። የለመናችሁት ጥበብ ራሱ ሊሆን ይችላል።

የሚያጣድፋችሁን ምክር ግን ተጠንቀቁ። ያዕቆብ ከላይ የሆነችው ጥበብ ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር ናት ይላል። «ዛሬ ካልከፈልክ ዕድልህ ያመልጥሃል» የሚል ሰው፣ በእግዚአብሔር ስም ቢናገርም፣ ይህን አይመስልም። ትንቢት ነግሯችሁ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ትታችሁት ሂዱ። ከእናታችሁ ወይም ከትዳር ጓደኛችሁ ደብቃችሁ እንድትወስኑ የሚመክራችሁንም እንዲሁ።

ስለ አንደበትም ጥቂት ልበል። ምሳሌ 18 ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል ይላል። በሥራ ቦታ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚያናድድ ነገር ሲጻፍ መልሱን ጻፉት፣ ግን አትላኩት። ምሳችሁን በሉ። ከዚያ መልሳችሁ አንብቡት። የተላከውን አጠፋዋለሁ ብትሉ ስክሪንሾት ተነስቶ አልቋል። በአንድ ቀን ንዴት ለዓመታት የተገነባ የሥራ ባልደረባነት ሲፈርስ አይቻለሁ።

ውርርድን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፤ ተዉት። በችኮላ የተሰበሰበ ሀብት እንደሚጎድል፣ ጥቂት በጥቂት ያከማቸ ግን እንደሚበዛለት መጽሐፉ ነግሮናል። ቤቲንግ ቤት የሚገባው ብር የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የታናናሾቻችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤታችሁ አስቤዛ ነው።

ጥበብ አንዴ ተቀብለው የሚያስቀምጡት ንብረት አለመሆኑን ደግሞ ከራሱ ከሰሎሞን ተማሩ። ያን ሁሉ ተቀብሎ በእርጅናው ልቡ ዘነበለ። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፍ ስላለው በቀን አንድ ምዕራፍ የሚያነቡ ብዙዎች ናቸው። እናንተም ጀምሩ። ግን ቶሎ ለመጨረስ አትሩጡ። ካነበባችሁት ውስጥ የነገውን ጉዳያችሁን የሚነካ አንድ ቃል ካገኛችሁ እዚያው ቁሙ። በዚያው ጸልዩ።

ከጸሎታችሁ ቀጥሎ የምታማክሩት ትልቅ ሰው ይኑራችሁ። የንስሐ አባታችሁ፣ መጋቢያችሁ፣ አክስታችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ወጣቶች ምክር ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ መስማት የሚፈልጉትን የሚነግራቸውን ይመርጣሉ፤ እናንተ «አይሆንም» ለማለት የማይፈራውን ፈልጉ። ስትቀርቡትም ሁሉንም አውጡት። ዕዳችሁን፣ ደመወዛችሁን፣ ለሌላ ሰው የገባችሁትን ቃል አትደብቁ። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል ካለ ከሰፈሩ ዕድር ይጀምር። የሰው ገንዘብ ለዓመታት ይዞ ስሙ በክፉ ያልተነሳ ሰው አይጠፋም። አስቀድማችሁ ደውሉለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሄዳችሁ አንኳኩ፣ ጉዳያችሁን ከነቁጥሩ ንገሩት።