«በውስጥ መስመር ያናግሩን» ማለት ሥራ ነው?

የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጸሐፊዋ በማኔጅመንት ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አዲስ አበባ አክስቷ ቤት ሆና፣ መርካቶ ላለ የጫማ ነጋዴ 11,000 ተከታይ ያለውን የቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ገጹን ትይዛለች፤ በቀን እስከ 80 መልእክት ትመልሳለች። ደመወዟ 7,000 ብር በእጅ ነው፤ ከዚያ 3,000ውን ደሴ ላሉት ቤተሰቦቿ ትልካለች። አባቷ «ስልክ ስትጎረጉሪ ልታረጂ ነው?» እያሉ ወረዳው ባወጣው ክፍት የሥራ ቦታ እንድትወዳደር ይወተውቷታል። ጓደኞቿ «ቴሌግራም አልቆለታል፣ ቲክቶክ ላይ ራስሽ ውጪ» ይሏታል። 15,000 ብር የሚያስከፍል የዲጂታል ማርኬቲንግ ሥልጠናም አጓጉቷታል። እንግሊዝኛዋ ያሳስባታል።

እህቴ፣ ራስሽን ያስተዋወቅሽው «ቻናል እይዛለሁ» ብለሽ ነው። 80ውን መልእክት ያነሳሽው መጨረሻ ላይ፣ ያውም እንደ ብሶት። እኔ ደብዳቤሽን ገልብጬ ነው ያነበብኩት። ቻናሉ የሱቁ መስኮት ነው፤ ሥራሽ 80ው መልእክት ነው። ሚዛኔ ወዴት እንደሚያደላም ልንገርሽ፦ ከዚህ በፊት የጥሪ ማዕከል ሰው ነበርኩ፤ ስንት ተከታይ አለሽ ከማለቴ በፊት በስንት ደቂቃ ትመልሻለሽ እላለሁ።

መጀመሪያ «አልቆለታል» የሚለውን ወሬ እንየው። ከአሥር ዓመት በፊት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ፌስቡክ ላይ ፎቶና ዋጋ ይለጥፍ ነበር፤ ክርክሩም ኮመንት ሥር ሁሉ እያየው ይካሄድ ነበር። ቴሌግራም ቻናልን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ ትልልቅ ፋይል ስለሚያሳልፍ ከተማሪው ሞጁል እስከ ነጋዴው ፎቶ ብዙው ነገር ወደዚያ ገባ። ዛሬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮውን ያየ ሰው ሥሩ «ዋጋ?» ብሎ ይጽፋል፣ ሻጩ «በውስጥ መስመር» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ ዋጋውን ከተፎካካሪ ይደብቃል፤ ገዢውም ሲከራከር ጎረቤት እንዲያየው አይፈልግም። ገበያው ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገብቷል። የትኛው ጓዳ እንደሆነ የሚወስነው ደንበኛው ያለበት ቦታ ነው፦ ኤምሬትስ ያለች እህት የዋትሳፕ ጥሪ እዚያ ስለታገደ በሌላ መተግበሪያ ትደውላለች፤ ዋሽንግተን ያለ ልጅ ለእናቱ ጫማ የሚያዘው በዋትሳፕ ነው፤ ጀሞ ያለው በቴሌግራም። ነገ ሌላ ጓዳ ቢከፈት ለአንቺ ሥራ የሚቀየረው በሩ ብቻ ነው።

ግን ያልተመዘገበ ሥራ ለቀጣሪ አይታይም። ሲቪ ላይ «የሶሻል ሚዲያ አድሚን» ብሎ የሚጽፈው ብዙ ነው፤ ምን እንደሠራ በቁጥር የሚያሳየው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለ30 ቀን ጉግል ሺትስ ላይ ሠንጠረዥ ክፈቺ። ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ መልእክቱ የገባበት ሰዓት፣ የመለስሽበት ሰዓት፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ የጥያቄው ዓይነት፣ ውጤቱ። ለጥያቄው ዓይነት ቋሚ ስሞች አውጪ፦ ዋጋ፣ የጫማ ቁጥር፣ አድራሻ፣ ዴሊቨሪ፣ ክፍያ፣ ቅሬታ፣ ሌላ። ከሰባትና ከስምንት አታሳልፊያቸው። አሥራ አምስት ዓይነት ያወጣ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ይሰለቸውና ሁሉንም «ሌላ» ውስጥ ይከታል፤ ያኔ ሠንጠረዡ ምንም አይናገርም። «አልገዛም» የሚል ውጤት ሲመጣ ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፊ፦ ተወደደ፣ ቁጥር የለም፣ ዘገየሁበት። የደንበኛ ስምና ስልክ እዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ አይግባ፤ ለቀጣሪ የምታሳዪው ይህንኑ ነውና።

የምላሽ ጊዜሽን ስታሰይ አማካይ አትውሰጂ። አምስት መልእክት በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ6 ደቂቃ መለስሽ እንበል፤ አምስተኛው ሌሊት ገብቶ ጠዋት ከ540 ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። አማካዩ 111 ደቂቃ ይወጣል፤ ሰነፍ ያስመስልሻል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረሽ መሐል ላይ የሚውለውን ብትወስጂ ግን 4 ደቂቃ ነው፤ እውነቱም እሱ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ሚዲያን (MEDIAN) የሚባለው ፎርሙላ ራሱ ያወጣልሻል። የሌሊቱን መልእክት ለብቻ ቁጠሪ፤ «የሥራ ሰዓታችን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው» ብሎ ቻናሉ ላይ መሰካት ያለበት መሆኑን የሚነግርሽ እሱ ነው።

ወሩ ሲያልቅ የትኛው ጥያቄ እንደሚበዛ ይታያል። «ቁጥር 41 አለ ወይ?» ከሆነ መፍትሔው ጣትሽን ማፍጠን ሳይሆን ፖስቱ ነው፦ ያሉትን ቁጥሮች ፎቶው ሥር ጻፊ፣ ያለቀውን በየማታው አስተካክዪ፣ በሚቀጥለው ወር ጥያቄው በስንት እንደቀነሰ ቁጠሪ። «የቁጥር ጥያቄ ከይህን ያህል ወደዚህ ወረደ» የሚል አንድ መስመር ሲቪ ላይ ከ11,000 ተከታይ ይበልጣል። ተከታዩ የነጋዴው ነው፤ ይህ ያንቺ ነው።

አሁን ስለ አጻጻፍ። ፕሮፋሉ ላይ ያለው ስም ጾታና ዕድሜ አይነግርሽም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «እርስዎ»፦ ይፈልጋሉ፣ ይላኩልን፣ ይቅርታ ያድርጉልን። «ውዴ» እና «የኔ ቆንጆ» የሚሉትን ለሌሎች ሱቆች ተይላቸው። የዕቃ ስም ስትጽፊ ፊደል አታቀያይሪ፤ አንዱን ፖስት «ፀሐይ» ሌላውን «ጸሀይ» ካልሽ ቻናሉ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ግማሹን አያገኘውም፣ ማሽኑ ሁለቱን አንድ ቃል አያደርጋቸውምና። ቮይስ ሲመጣልሽ አዳምጠሽ በቮይስ ብቻ አትመልሺ፦ «ቁጥር 39፣ ጥቁር፣ 2 ጥንድ፣ ጀሞ፣ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት። ትክክል ነው?» ብለሽ በጽሑፍ አረጋግጪ። ከተሳሳተ ትዕዛዝ ብዙው የሚወለደው ከቮይስ ነው። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ «4 ሰዓት» ብቻ ማለት ደግሞ ጠብ መጥራት ነው፤ እሱ ስልኩ ላይ የሚያየው ሰዓት ከኛ አቆጣጠር በ6 ይለያል፣ ዋሽንግተን ከሆነ ከዚያ ላይ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። «በአዲስ አበባ ከረፋዱ 4 ሰዓት» በዪ።

ክፍያ ላይ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ስክሪንሾትን ማንም በስልኩ አርሞ ሌላ ቁጥር ይከትበታል። የግብይት ቁጥሩን ጠይቂና ብሩ የሱቁ ቴሌብር ወይም ባንክ ውስጥ መግባቱን ከአፑ አይተሽ ነው ዕቃ የሚወጣው። ነጋዴው ሒሳቡን ላንቺ ማሳየት ካልፈለገ የሚያረጋግጥልሽ ሰው ይመድብ፤ ለጠፋው ጫማ ተጠያቂ እንዳትሆኚ።

ጓደኞችሽ ያላነሱት፣ ከቲክቶክ የሚበልጥ አንድ አደጋም አለ፤ መተግበሪያው አንድ ጠዋት ላይከፈት ይችላል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የደሴ ልጅ ሆነሽ እኔ አልነግርሽም። ቻናል ብቻ የነበረው ነጋዴ ደንበኞቹን በአንድ ቀን አጣ፤ ስልክ ቁጥር የያዘው በኤስኤምኤስ ቀጠለ። ስለዚህ ዕቃ ለሚገዛ ሰው «አዲስ ሲገባ በኤስኤምኤስ እንድናሳውቅዎ ይፈቅዳሉ?» በዪ፤ አዎ ያለውን ብቻ መዝግቢ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ፈቃድ መጠየቅ ከጨዋነት በላይ ሆኗል።

ኤስኤምኤሱንም ቁጠሪው። በአማርኛ ፊደል አንድ መልእክት 70 ምልክት ይይዛል፣ በላቲን 160። 71 ከሆነ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፤ ሒሳቡም የሁለት ይሆናል። በላቲን በተጻፈ መልእክት መሐል አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። ባዶ ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ቢሆንም ፊደላችን ቦታ ይቆጥባል፤ «ሰላም» ሦስት ነው፣ በላቲን አምስት። «ጥቁር ቆዳ ጫማ ከ39-44 ገብቷል። ዋጋ 3,200። ለማዘዝ ይደውሉ።» 43 ምልክት ነው፤ ስልክ ቁጥር ብትጨምሪበት 54። ለ500 ሰው ስትልኪ ልዩነቱ ብር ነው፤ ነጋዴው ይህን ሲያይ ደመወዝ ለመጨመር ጆሮው ይከፈታል።

ወደ አባትሽ ልምጣ። አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ «ስልክ መጎርጎር» ያሉት ሥራ ነው በየወሩ 3,000 ብር ቤታቸው የሚያደርሰው። ብሩን እየተቀበሉ ሥራውን ማጣጣል አይሆንም፤ ይህን አንቺ ባትደፍሪ እናትሽ ይንገሯቸው። የወረዳው ሥራ ግማሽ ጥቅሙ ጎረቤት «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው መልስ ማግኘታቸው ነው። ጡረታ ካሉ ግን ነጥብ አላቸው፤ የተሳሳቱት ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የግል ድርጅት ሠራተኛም 7 በመቶ ከደመወዙ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ፤ በመንግሥት በኩልም መጠኑ ያው ነው። ባንቺ 7,000 ላይ 490 ካንቺ፣ 770 ከነጋዴው፣ ባጠቃላይ 1,260 ብር በወር ሊገባልሽ ሲገባ ሁለቱም እየቀረ ነው። የሚያሰጋው ስልኩ ሳይሆን «በእጅ» የሚለው ቃል ነው። በእጅ ማለት የሥራ ልምድ ደብዳቤ የለም ማለትም ነው።

ስለዚህ ነጋዴውን የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ጽሑፍ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት ነበረበት። ሁለተኛ ሰዓት፦ መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ሆነሽ የምትመልሺው መልእክት ከዚያ ውጪ ነው። ጥያቄውን የምታቀርቢው የ30 ቀኑን ሠንጠረዥ ይዘሽ ይሁን። እምቢ ካለ ሠንጠረዡ ያንቺ ነው፣ ሌላ ቦታ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ማስታወቂያ ስትፈልጊም «ሶሻል ሚዲያ» ብቻ አትበዪ፤ «የደንበኞች አገልግሎት» እና «ኮንታክት ሴንተር» የሚሉትንም እዪ፤ ባንኮችና ቴሌኮሞች ይህን ሥራ የሚጠሩት በነዚህ ስሞች ነው።

የወረዳው ፈተና ላይ ተቀመጪ፤ አንድ ቀን ነው፣ አባትሽንም ያሳርፋል። ካለፍሽ ያኔ እናወራለን።

15,000 ብሩን አትክፈዪ። ከሁለት ወር ደመወዝሽ ይበልጣል። 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል፤ ከትምህርቶቹ መሐል ዳታውን ውሰጂ፣ ለሠንጠረዥሽ ይጠቅማል።

ቲክቶክ ላይ ራስሽ ብትወጪ፣ ለቪዲዮ እይታ የሚከፍለው ፕሮግራም ለጥቂት አገሮች ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። የሚቀረው የላይቭ ስጦታ ነው፤ እሱን ለመኖሪያ አልመክርም።

እንግሊዝኛ፦ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግሽ ልብ ወለድ ማንበብ አይደለም። ሠንጠረዥሽ ላይ በብዛት ከመጡት ጥያቄዎች ሃያውን ከነመልሳቸው በእንግሊዝኛ ጽፈሽ የሚያውቅ ሰው አሳርሚ፤ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፣ ለቃለ መጠይቅም ይሆንሻል።

አንድ የቀረ አለ። ቻናሉ የተከፈተው በማን ሲም ነው? ባንቺ ከሆነ ከነጋዴው ጋር ሳትጣዪ አስተካክዪው። ባለቤትነቱን ወደ ሱቁ ስልክ ለማዛወር ባንቺ አካውንት ላይ ሁለተኛው ፓስወርድ (Two-Step Verification የሚለው) ከተከፈተ ቢያንስ 7 ቀን ሊሆነው ይገባል፣ በዚያው ስልክም ከገባሽ ከ24 ሰዓት በላይ፤ በለቀቅሽበት ቀን ልሥራው ብትዪ እሺ አይልሽም። ከዚያ አንቺ አድሚን ሆነሽ ትቀጥያለሽ። በስልክሽ የሚመጣውን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጪ፤ «የቴሌግራም ድርጅት ነኝ» ላለሽም፣ ለነጋዴው ወንድምም ቢሆን። ነጋዴውም ሰበር ዜና ቻናሉ ላይ እንዳይለጥፍ ንገሪው፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ ይከብዳል፣ የናንተ 11,000 ነው፣ የለጠፈችው ጣት ደግሞ ያንቺ ትሆናለች።